አስማተኛውን ከማዳከምዎ በፊት ዋጋውን ያስከፍሉት

ሰላም ለሁላችሁም። የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የእ.ኤ.አ. 2014 እትም የሚጫወት አንድ ቡድን አምስተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ ወዲህ አስማተኛው ፍልሚያውን ሁሉ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ የተዋጊው ተጫዋች ደግሞ ተራው እስኪደርስ ስልኩን ይነካካል። ታሪኩን የሚተርኩትና ጠላቶቹን የሚያጫውቱት የጨዋታው መሪም «የእሳት ኳሱን ጉዳት በግማሽ ልቀንስ ወይስ ለተዋጊው ሦስተኛ ምት ልጨምርለት?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ከእርስዎ በፊት ሁለቱንም አድርጌያቸዋለሁና፣ መልሴ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉአቸው የሚል ነው።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚነሣው ከቁጥር ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። የእሳት ኳስ የተባለው ድግምት ስምንት ባለስድስት ገጽ ዳይስ ያስጥላል፤ አማካዩ 28 ነው። ጉልበቱ 18 የሆነ የአምስተኛ ደረጃ ተዋጊ በትልቅ ሰይፍ ሁለቴ ሰንዝሮ ሁለቱም ቢያርፉለት አማካዩ 22 ይሆናል፤ ያውም በአንድ ጠላት ላይ፤ እሳቱ ግን ተሰብስበው የቆሙትን በሙሉ ይፈጃል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ፍርዱን ለመስጠት አይዘገይም። ነገር ግን አስማተኛው ያንን እሳት በቀን ስንት ጊዜ ሊጥለው ይችላል? በዚህ ደረጃ እንደ እሳት ኳስ ላሉ የሦስተኛ ደረጃ ድግምቶች ያሉት ስሎቶች (አንድ ድግምት በተጣለ ቁጥር አንድ የሚቀነስባቸው ድርሻዎች) ሁለት ናቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከአጭር ዕረፍት በኋላ፣ አንዱን መልሶ ሊያገኘው ይችላል፤ በድምሩ ሦስት ማለት ነው። የተዋጊው ሰይፍ ግን አያልቅም፤ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ እርምጃ እንዲወስድ የሚያስችለው ችሎታም በየአጭር ዕረፍቱ ይመለስለታል። የዚያው እትም የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ሂሳቡን የሠራው አንድ ቡድን በአንድ ቀን ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ይገጥመዋል፣ በመካከሉም ሁለት ያህል አጭር ዕረፍት ያደርጋል ብሎ ነው። እኔ የማስታወሻ ደብተሬን መልሼ ሳገላብጥ ያገኘሁት በቀን አንድ ፍልሚያ ነበር፤ ሁለት የሆነባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ለሰባት ፍልሚያ የተመደበ ስንቅ በአንዱ ላይ ሲራገፍ አስማተኛው ቢያይል ምን ይደንቃል?

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ተጫዋች ለገጸ ባሕርይው የሚመርጣቸው መደቦች ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ፤ አስማተኛው ከፍ ሲል ሌላውን እንደሚበልጥም የታወቀ ነበር። የቀድሞዎቹ ሕጎች ግን ብልጫውን በግልጽ ያስከፍሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የጀማሪዎች እትም፣ አስማተኛ ሲጀምር የሕይወት ነጥቡ በአንድ ባለአራት ገጽ ዳይስ የሚወሰን፣ ጥሩር የማይለብስ፣ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ያለው ምስኪን ነው፤ ሌባ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 1,200፣ ተዋጊ 2,000 የልምድ ነጥብ ሲበቃቸው እርሱ ግን 2,500 ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ለሁሉም አንድ ሠንጠረዥ ሲያደርግ ከዋጋዎቹ አንዱ ተሰረዘ፤ ኃይሉ ግን እንዳለ ቆየ። በ2014ቱ እትም ትልቁ ዋጋ የተቀመጠው በዕረፍቱ ላይ ነው፤ እርሱን የሚሰበስበው ደግሞ መሪው ነው። መሪው ሳያውቀው ይቅር ካለ፣ አስማተኛው በነጻ ይጫወታል።

እኔ ስንቱን ይቅር እንዳልኩ የገባኝ በአንድ በር ምክንያት ነው። ሮግ (በቀድሞዎቹ እትሞች ሌባ የሚባለውን መደብ) የያዘችው ተጫዋቻችን የቁልፍ መክፈቻ መሣሪያዎቿን ጠቅሳ ዳይሷን አንሥታ ነበር። አስማተኛው በመሐል «እኔ በድግምት እከፍተዋለሁ» አለ፤ እኔም «ተከፈተ» አልኩ። ዳይሷን ሳትጥለው ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። በዚያ ምሽት የድግምቱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ቁልፉ ሲከፈት እስከ 300 ጫማ ድረስ የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል ይላል። ለወራት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስሠራበት ኖሬአለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁ ተሰማ፣ ጠባቂዎቹም መጡ፤ ከዚያ በኋላ ባገኘነው የተቆለፈ በር ላይ አስማተኛው ወደ እርሷ ዞሮ «አንቺ ሞክሪው» አላት። የሮግን ሕግ አንዲት ፊደል አልነካሁም።

የትኩረት ሕግም እንዲሁ ነው። ድግምቱን ለማቆየት ትኩረት የሚያስፈልገው አስማተኛ በተመታ ቁጥር ትኩረቱን ለመጠበቅ ዳይስ መጣል አለበት፤ እኔ ግን ፍልሚያው ሲጋጋል መጠየቁን እረሳ ነበር።

አሁን ወደ ሞከርኳቸው ሁለት መፍትሔዎች። የእሳት ኳሱን ጉዳት በግማሽ በቀነስኩበት ጊዜ ተጫዋቹ አልተከራከረኝም፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ስሎት ጠላትን በብርሃን ኅብር አፍዝዞ ለሚያቆመው ድግምት አዋለው። ግማሹ ጠላት ፈዝዞ ቆመ፤ ተዋጊውም እየዞረ አንድ በአንድ ማጨድ ሆነ ሥራው። የጉዳቱ መጠን ወረደ፣ የፍልሚያውን ውጤት የሚወስነው ሰው ግን አልተለወጠም። ሦስተኛውን ምት በጨመርኩለት ጊዜም ተዋጊው ሦስት ጊዜ ዳይስ ጣለ፣ ቁጥሩን ነገረኝና ስልኩን አነሣ። ተራው ረዘመ እንጂ በተራው የሚመርጠው ነገር አልጨመረለትም።

የሠራልኝ ሌላ ነው። በመሪው መጽሐፍ ውስጥ እንደ አማራጭ የቀረበ ሕግ አለ፤ በእርሱ መሠረት አጭር ዕረፍት ከአንድ ሰዓት ወደ ስምንት ሰዓት፣ ስሎቶቹን ሁሉ የሚመልሰው ረጅም ዕረፍት ደግሞ ከስምንት ሰዓት ወደ ሰባት ቀን ይረዝማል። የእኔ ታሪክ ጉዞና ምርመራ የሚበዛበት ስለነበር፣ በቀን አንድ ፍልሚያ መኖሩ ከዚህ ሕግ ጋር ተስማማ። የአስማተኛው ተጫዋች መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጥሬ ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን በአንድ ድልድይ ላይ ተከበው ሳሉ አንድ ስሎት ብቻ ቀርቶት ወደ ተዋጊው ዞረና «ሁለት ዙር ይዘህ ታቆያቸዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። ተዋጊው በዚያ ምሽት ስልኩን ሲነካ አላየሁትም። የእርስዎ ታሪክ ዋሻ ለዋሻ የሚካሄድ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይስማማውም፤ ያኔ ዕረፍቱን ሳይቀይሩ ፍልሚያዎቹን ማብዛትና ቡድኑን የሚያቻኩል ምክንያት ማበጀት ይበቃል።

ሁሉንም መደቦች በአንድ ሥርዓት ማስኬድስ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛ እትም ይህንኑ አድርጓል፤ ተዋጊውም አስማተኛውም ሁልጊዜ፣ በየፍልሚያው አንዴና በቀን አንዴ የሚጠቀሙባቸው ችሎታዎች ነበሯቸው። በእኔ እይታ ለተዋጊ ከዚያ የተሻለ እትም አልወጣም፤ መደቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብን ያሉትም ግን ብዙዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አልነበረውም አልልም።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር፤ ከአሥረኛ ደረጃ በላይ ዋጋውን ማስከፈል ብቻውን አይበቃም። ቡድኑን በሙሉ ከአገር አገር የሚያሻግር ድግምት ሲመጣ፣ በ17ኛው ደረጃም የአስማተኛው ምኞት በቃሉ ሲፈጸም፣ የተዋጊው ሰይፍ የቱንም ያህል ቢሳል የታሪኩን አቅጣጫ አይቀይርም። በዚህ ጊዜ የምሄደው ወደ ድሮው ሕግ ነው፤ «አድቫንስድ» ተብሎ በወጣው የጨዋታው ሥሪት የመጀመሪያ እትም ተዋጊ ዘጠነኛ ደረጃ ሲደርስ ምሽግ ሠርቶ የጦር ሰዎችን ማሰባሰብ ይችል ነበር። የእኔም ተዋጊ አሁን አርባ ሰዎችና አንድ በር የሌለው ግንብ አሉት፤ በሩን ከየት እንደሚያመጣ ሲጨነቅ ጉዳቱን ማስላት ትቷል።

እርስዎ ገና አምስተኛ ደረጃ ላይ ስለሆኑ ለዚህ ጊዜ አለዎት። ለሚቀጥሉት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ በሁለት ረጅም ዕረፍቶች መካከል ስንት ፍልሚያ እንደነበረ፣ አስማተኛው እያንዳንዱን ፍልሚያ ሲጨርስ ስንት ስሎት እንደቀረው፣ ትኩረቱን ለመጠበቅ ስንት ጊዜ ዳይስ እንዳስጣሉት። ቁጥሮቹን እዚሁ ቢያስቀምጡልን አብረን እናያቸዋለን።