ካቻቢቴው ሲያመልጥ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያ ጊታር ነው። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ፊቱ ስፕሩስ የሚባል እንጨት ነው። ናይትሮ ላከር የሚባለውን የሚያብረቀርቅ ቅብ ቀብቼ ጨርሼ የመጨረሻዋን ብሎን ሳጠብቅ ካቻቢቴው ከእጄ አምልጦ ፊቱ ላይ ወደቀ። የክብሪት ራስ የምታህል ጎድጓዳ ሠራ። በንዴት ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ፋቅሁት። ጎድጓዳዋ እዚያው አለች። ዙሪያዋ ደግሞ ላከሩ ተልጦ ባዶ እንጨት ወጣ። ፊቱን በሙሉ ፍቄ እንደገና ልጀምር?
ካቻቢቴ ያመለጠው

መልስ፦ አይዞህ። መጀመሪያ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ። ካቻቢቴው ያደረሰብህ ጉዳት ትንሽ ነው፤ የባሰውን ያመጣው ንዴትህ ነው። የጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ድምፁ ደግሞ የሚወጣው ከዚያ ስስ ሰሌዳ ነው። ጎድጓዳዋን ለማጥፋት ዙሪያዋን መፋቅ ማለት ጉድጓድ ለመድፈን ሜዳውን መቆፈር ነው።

አሁን መብራቱን አጥፋና በባትሪ ከጎን አብራባት። ቃጫው ተጨፍልቋል ወይስ ተቆርጧል? ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው። የተጨፈለቀ እንጨት ውሃና ሙቀት ሲያገኝ አብጦ ይነሳል። የተቆረጠ ግን አይነሳም፤ መሞላት አለበት።

ካቻቢቴው በጀርባው ወድቆ ከሆነ መጨፍለቁ ነው። እዚህ ላይ ያ ያበላሸኸው ፍቅፋቂ ይጠቅምሃል፤ ላከር ባለበት ውሃ አይገባማ! በቀጭን ብሩሽ ጎድጓዳዋ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ ውሃ አድርግና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ትንሽ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አጥፈህ ጣልባትና በጋለ ካውያ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ንካት። አንሳና እይ። ካልበቃት ድገም። ጨርቁ ሲደርቅ አርጥበው።

ካውያው ግን ላከሩን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ይፈላብሃል። ገመዶቹ የሚታሰሩበት ድልድይ ቅርብ ከሆነም ተጠንቀቅ። በኮላ የተጣበቀ ነገር ሙቀት ሲበዛበት ይለቃል። ከፊቱ ሥር ያሉትን የውስጥ ደጋፊ እንጨቶችም አትርሳቸው፤ እነሱም በኮላ የተጣበቁ ናቸው። አንድ ጉዳት ስትጠግን ሦስት እንዳትፈጥር።

ከተነሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት አድርቀው። ከዚያ ባዶውን እንጨት በስሱ ሼላክ (እንጨቱን የሚያሽግ ቅብ) ሁለት ጊዜ ቀባው። ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠች ቦታ ልሞላ ሱፐር ግሉ ባዶ ስፕሩስ ላይ በቀጥታ ጠብ አደረግሁ። እንጨቱ ጠጣውና ጠቆር ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። የጊታሩ ባለቤት እስካሁን አላየውም። እኔ ግን ከክፍሉ ዳር ሆኜ አየዋለሁ። እንጨቱ ቀድሞ በሼላክ ቢታሸግ ኖሮ አይጠጣም ነበር።

ሙሌቱ ላይ ዕድለኛ ነህ። ናይትሮ አዲሱ ሽፋን አሮጌውን አሟሙቶ ከእሱ ጋር አንድ ይሆናል። በብሩሽ ጫፍ ላከሩን ጠብታ ጠብታ እያደረግህ፣ በየመሐሉ እያደረቅህ፣ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ እስኪል ሙላው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሌላው ቅብ ቢሆን ኖሮ ሽፋኖቹ ስለማይዋሃዱ ዳሩ ላይ መስመር ይታይ ነበር፤ እዚያ ሱፐር ግሉ ይሻላል።

ከዚያ ተወው። ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ። ላከር እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ቸኩለህ ካስተካከልከው በወሩ ጎድጓዳ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጊታሩን ከዓይንህ አርቀው ብልህ ደስ ይለኛል፤ እጅህ አያርፍምና።

እብጠቷን የምታወርደው በምላጭ ነው። የምላጩን ሁለት ጫፍ በወረቀት ስኮች ጠቅልል፤ መሐሉ ብቻ ባዶ ይሁን። የስኮቹ ውፍረት ምላጩን ከዙሪያው ላከር ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ከፍ ያለውን ብቻ ይፍቃል። የቀረችውን ቅንጣት በትንሽ ጠንካራ ላጲስ ላይ በተጠቀለለ 800፣ ቀጥሎ 1200፣ ቀጥሎ 2000 ቁጥር እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክላት። በመጨረሻ እስክታብረቀርቅ ወልውላት።

ከጎን ሲያበሩበት ጥላዋ ትታይ ይሆናል። ተዋት።

ጥያቄ፦ የጊታሬን ጠርዝ ሳለሰልስ ቀለሙ ተላጠ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠርዝ ላይ ሽፋን ሁልጊዜ ይሳሳል፤ ፈሳሹ ከጠርዝ ይሸሻል። በዚያው ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አድርገው፣ ሲደርቅ ላከር ደርብበት። ለወደፊቱ የመጨረሻው ማለስለሻ እስኪደርስ ድረስ ጠርዙን በወረቀት ስኮች ሸፍነው።