በሳን ሁዋን ከመርከብ በኋላ፦ ባሕር ከሚያሳይ መስኮት ኩሽና ይሻላል

እህቴ፣ እንደጻፍሽው ከሆነ መርከባችሁ እሑድ ታኅሣሥ 26 ጠዋት የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ደሴት፣ በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን ታወርዳችኋለች፤ ወደ ዋሽንግተን የምትበሩት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። እናትሽ ነቢያትን እየጾሙ ነው፣ የሆቴሉ ዋጋ ደግሞ አስደንግጦሻል። መኪና ተከራይተሽ ኤል ዩንኬ የሚባለውን ደን ለማሳየትም አስበሻል። እኔም በዚሁ ወቅት አማቴን ይዤ እዚያ ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ብርድ የሚሸሽ ሰው ሁሉ ፖርቶ ሪኮ የሚወርድበት ነው፤ ርካሽ ሆቴል በመፈለግ ብዙ አትድከሚ። ግብሩና የዕለት ተጨማሪ ክፍያው ገብቶበት የሚወጣውን ድምር ሳታዪም አትወስኚ። እኔ ብሆን ሎይሳ ጎዳና አካባቢ፣ በሳንቱርሴና በኦሽን ፓርክ ሰፈሮች መካከል፣ ኩሽና ያለው ትንሽ ቤት እከራያለሁ። ባሕሩ በእግር ይደረሳል፤ በፖርቶ ሪኮ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ስለሆነ ለመዋኘት የሆቴል እንግዳ መሆን አያስፈልግም። ኦልድ ሳን ሁዋን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ማደር ደስ ይላል፣ ነገር ግን ቤቶቹ ብዙውን ጊዜ አሳንሰር የላቸውም፣ ሰማያዊው የድንጋይ ንጣፍ በዝናብ ያዳልጣል፣ ሙዚቃውም እስከ ሌሊት አይተኛም። ጉልበት ለሚያማቸው እናት አይሆንም።

ኩሽናው ላይ ይህን ያህል የምሟገተው ግን ከዋጋው ይልቅ ስለ አሳማ ብዬ ነው። የፖርቶ ሪኮ ገና ያለ አሳማ አይታሰብም። ጾም የሚመስለው ምግብ ሁሉ ጾም አይደለም፦ ባቄላው ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል፤ የበዓሉ ሩዝና ጋንዱሌስ የሚሉት ጥራጥሬም እንዲሁ። ሞፎንጎ የሚባለው፣ ፕላንቴይን የሚሉት የሙዝ ዓይነት ሳይበስል ተጠብሶ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ የሚሠራው ዝነኛ ምግባቸው፣ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይጨመርበታል። «ሲን ሴርዶ» ማለትን ተለማመጂ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ይህን ብለሽም ቢሆን በአሳማ ስብ እንዳልተጠበሰ ጠይቂ። ሱፐርማርኬት ስትገቢ ግን ምስር፣ ሩዝ፣ አቮካዶ፣ ፕላንቴይን ሁሉም አለ። በርበሬውን እናትሽ ሳይዙ ከቤት እንደማይወጡ እገምታለሁ። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ የሚበሉ ከሆነ ባካላይቶ የሚሉት የኮድ ዓሣ ጥብስ በርካሽ ያጠግባል።

መርከባችሁ የምትቆምበትን ወደብ ቀድመሽ አረጋግጪ። አሮጌው ከተማ አጠገብ ከሆነ መልካም፤ ፓን አሜሪካን በሚባለው በማዶው ወደብ ከሆነ ግን ሻንጣ ይዞ በእግር መሄድ የለም። አከራያችሁ ሻንጣውን በጠዋት የሚቀበል ከሆነ በታክሲ ወይም በኡበር አድርሱና ወደ አሮጌው ከተማ ተመለሱ። ከተማው ውስጥ ክፍያው ከአንድ ዶላር የማይበልጥ አውቶቡስ አለ፣ በእሑድና በበዓል ግን አትመኚው።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ላሉት ሁለት ምሽጎች፣ ለሳን ክሪስቶባልና ለኤል ሞሮ፣ የሚከፈለው በሰው 10 ዶላር ነው፤ አንዱ ትኬት ለሁለቱም ለ24 ሰዓት ያገለግላል። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳን ክሪስቶባልን፣ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ኤል ሞሮን እዩ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ጥላ ስለሌለው እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ። እናትሽ ግሪን ካርድ ካላቸውና 62 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ በ20 ዶላር የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን የአረጋውያን ዓመታዊ የመግቢያ ፈቃድ ይግዙ፤ አንቺንም ያስገባሻል። ወጪው ከሁለት ትኬት ጋር እኩል ነው፣ ግን ቨርጂኒያ ያለውን ሸናንዶዋን ጨምሮ በየፓርኩ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ኤል ሞሮ ውስጥ ደረጃው ብዙ ነው፤ ከላይ ያለው ግቢና ባሕሩ ይበቃቸዋል። በከተማው ግንብ ሥር፣ ከቀዩ የሳን ሁዋን በር ወጥቶ በባሕሩ ጠርዝ የሚሄደው መንገድ ነፃ ነው፣ ደግሞም ሜዳ ነው። ወደ ካታኞ የምትሻገረው የሕዝብ ጀልባም በሳንቲም ዋጋ ምሽጎቹን ከባሕር ታሳያለች፤ ለሽርሽር ጀልባ ብዙ የሚከፍሉትን ሳይ ይገርመኛል።

መኪናውን ተዪው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ማቆሚያ መፈለግ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ኤል ዩንኬም ሰኞን ሙሉውን ይወስድባችኋል። ይልቅ ሰኞ ማታ እግራችሁ ወጣ ይበል። ማክሰኞ በእነሱ የሰብአ ሰገል በዓል ነው፤ በዋዜማው ልጆች ለነገሥታቱ ግመሎች ሣር አጭደው በሣጥን ያስቀምጣሉ። አማቴ ይህን ስትሰማ ገና በአንድ ቀን ቀድሞ የመጣ መስሏት ነበር። በዓሉ የሕዝብ በዓል ስለሆነ የሚገዛ ነገር ካለ ሰኞ ጨርሱ፤ ለአውሮፕላን ማረፊያውም ታክሲ ከማታው ተነጋገሩ።

ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ውጡ። ከፖርቶ ሪኮ ወደ ዋናው አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ የእርሻ ቁጥጥር ፍተሻ ያልፋል፤ ትኩስ ማንጎ ከያዛችሁ ይወሰድባችኋል። የተቆላ ቡና ይፈቀዳል። እሱንም በአውሮፕላን ማረፊያው ሱቅ ሳይሆን ሰኞ በሱፐርማርኬት ግዙ። እንዲህ ካደረጋችሁ ማክሰኞ ማታ ዋሽንግተን ለገናችን ዋዜማ ቅዳሴም ትደርሳላችሁ።