ቮልስ ሲገዙ መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን ያንሱ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዳማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ፣ ባለ 1500 ሲሲ፣ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተሠርቷል፣ ቀለሙም አዲስ ነው» ይላሉ። ገዝቼ ባስቀምጣት ታዋጣኛለች? ምኗን ልይ?

መልስ፦ አዲሱ ቀለም አያማልልዎ። የቮልስ ሞተር አራት ማሰሪያ ከተፈታለት ይወርዳል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ተቆርጦና ተበይዶ እስኪስተካከል ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

የኋላ ወንበሩን ያንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ መሃል ላይ ባለው ጉብታ ተመትቷል፤ በ1967 ሞዴል በ117 ይጀምራል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የተፋቀ ከሆነ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው በስተቀኝ ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ በካቻቪቴ ጫን ብለው ይሞክሩት። ቀጥሎ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ ዳር እስከ ዳር ያስሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር ቀዳዳና ጉድጓድ የሚሞላበት ሊጥ፣ ነው።

የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር አለ። የ1500 ሞተር በኤች፣ የ1300 በኤፍ ይጀምራል። ካልገጠመ ሞተሩ ተቀይሯል፤ ለመንዳት ችግር የለውም፣ ሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንስበታል፣ እርስዎም ይቀንሱ። «ተሠርቷል» የተባለውን ለማጣራት ሞተሩን አጥፍተው የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ መሳይ ብረት) ጨብጠው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉ፣ ይሳቡ። የመላወሻው ወሰን 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅዎ ሲመታ ከተሰማዎት ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ይሠራል፤ ያ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው።

የአዳማን ሙቀት አይናቁት፤ ይህች መኪና ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው የሚነፍሰው አየር ነው። በዚያ ዘመን ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚከልልበት ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ከጎደለ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይለኩ። የቫልቩን ክፍተት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ 0.15 ሚሊ ሜትር ያስሞሉ። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም ይቆማል፤ ቀዩ የዲናሞ መብራት ሲበራ «ቤት ልድረስ» ሳይሉ ወዲያው ያቁሙ።

ታዋጣለች ወይ ለሚለው፦ ላሜራዋ ጤነኛ፣ ቁጥሮቿ የገጠሙ ከሆኑ ይግዟት። የሚፈታውን ኦሪጅናል ዕቃ፣ የተሰበረ ቢሆን እንኳ፣ አይጣሉ። ስቱኮ የሞላባትን ግን ለትርፍ ብለው አይንኩ።

ጥያቄ፦ ከአጎቴ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ነው የተባለ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ደርሶኛል። ቀለሙ ተላልጧል፤ ላስቀባው? ዕድሜውንስ በምን አውቃለሁ? — ከሐዋሳ

መልስ፦ እባክዎ አያስቀቡት! እንደገና የተቀባ አሮጌ ጊታር ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህል ዋጋውን ያጣል። እስከ እ.ኤ.አ. 1976 ድረስ መለያ ቁጥሩ ከኋላ አንገቱን በያዘው ብረት ላይ ነበር፣ ከዚያ ወደ አንገቱ ራስ ሄደ። ብረቱ ከ1971 መጨረሻ ጀምሮ ባለ ሦስት ብሎን ነው። ብረቱ ሊቀየር ስለሚችል በእሱ ብቻ አይመኑ፤ የፊት ሽፋኑን አንስተው የቮሊየሙ መቆጣጠሪያ ጀርባ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። 1377512 ቢል 137 አምራቹ፣ 75 ዓመቱ፣ 12 ሳምንቱ ነው፤ ጊታሩ ከዚያ ቀደም አልተሠራም። ስታኞው (ሽቦዎቹ የተበየዱበት ቅላጭ ብረት) የተነካ መሆኑንም ይዩ፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ውስጡ ተቀይሮ ይሆናል።

በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። በሳጥኑ ውስጥ፣ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ቦታ ያኑሩት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተዉት።