የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ባዮዲዝል በአረቄ ይሠራል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፒያሳ አካባቢ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ከሚጠብሱ ቤቶች ያገለገለ ዘይት እሰበስባለሁ። ለወፍጮ ሞተር ባዮዲዝል ልሠራበት ነው። ዘይቱን ነዳጅ ለማድረግ የሚጨመረው አልኮል፣ ሜታኖል፣ መርዝ ነው ስለተባልኩ ፈራሁ። በአረቄ ወይም በፋርማሲ አልኮል አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ችግሩ ውሃው ነው። ጠንካራ የሚባለው ካቲካላ እንኳ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ገደማ ውሃ ነው፤ 96 የሚለውም ቢሆን የቀረው 4 እጅ ሥራዎን ለማበላሸት ይበቃል። ውሃ ባለበት ኮስቲኩ (ከአልኮሉ ጋር ሥራውን ለማስጀመር የሚጨመረው ኮስቲክ ሶዳ) ዘይቱን ወደ ሳሙና ይወስደዋል። የሚያገኙት እንደ አጥሚት የወፈረ፣ ከግሊሰሪኑ (ከነዳጁ ተለይቶ ከሥር ከሚቀመጠው ወፍራም ተረፈ ምርት) አልለይ ያለ ነገር ነው። አረቄውን ደጋግመው ቢያወጡትም 96ን አያልፍም፤ እዚያ ሲደርስ አልኮሉና ውሃው አብረው ይተናሉ።

ከ99.5 በመቶ በላይ የደረቀ ኤታኖል ካገኙ ይሠራል። ግን ለ1 ሊትር ዘይት 300 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠይቃል፤ ነዳጁንም ግሊሰሪኑንም ስለሚያሟሟ ሁለቱን መለየት ያደክማል። ለጀማሪ አንመክረውም።

ሜታኖል ይያዙ፤ ለ1 ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መርዝነቱ እውነት ነው። በመጠጣት ብቻ ሳይሆን በትንፋሽና በቆዳም ይገባል፤ ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ደጅ፣ ከእሳት ርቀው፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ይሥሩ። በዓይን ከአረቄ አይለይምና በመጠጥ ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ጀሪካኑ ላይ «መርዝ» ብለው በትልቁ ይጻፉ፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቆልፉበት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለሳሙና የሚሸጠውን ኮስቲክ ሶዳ በሊትር 3.5 ግራም እየጨመርኩ ሠራሁ። አንዱ ጊዜ አማረ፣ ቀጣዩ ጄሊ ሆነ። መጠኑን አልቀየርኩም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፉት መጠኑን አለመቀየርዎ ነው። 3.5 ግራም የአዲስ ዘይት ልክ ነው። ዘይት በተጠበሰበት ቁጥር አሲዱ ይጨምራል፤ አሲዱ ደግሞ ኮስቲኩን ይበላዋል። የሰኞው ዘይት ከዓርቡ ይለያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጀሪካን ይለካ።

አለካኩ እንዲህ ነው። 1 ግራም ኮስቲክ በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ያሟሙ። 1 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ይበጥብጡ፤ ፌኖልፍታሊን (ቀለም በመቀየር የሚያመለክት ፈሳሽ) ጠብ ያድርጉበት። ከሌለዎት እርድ በአልኮል ዘፍዝፈው ከላይ የጠለለውን ይጠቀሙ፤ ቢጫው ወደ ቀይ ሲዞር ይታያል። ከዚያ የኮስቲኩን ውሃ በሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ይጨምሩ። ቀለሙ 15 ሰከንድ ሳይጠፋ ሲቆይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ያንብቡ። 2 ከሆነ በሊትር 2 ግራም ተጨማሪ ማለት ነው፤ ከ3.5 ጋር 5.5 ይሆናል። ከ5 ሚሊ ሊትር ካለፈ ዘይቱ ለዚህ አሠራር አይሆንም። በባቲ በኩል ለአጥር ከሚተከለው ጃትሮፋ የሚጨመቅ ዘይትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚያልፍ አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ መታከም ይፈልጋል።

ሌላም የምንጠረጥረው አለ። ክፍት የቆየ ኮስቲክ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደክማል፤ ነጭነቱ ግን ያው ነው። ከተጋገረ አይመኑት።

የእኛ ምርጫ በሶዳው ፋንታ ኮስቲክ ፖታሽ (ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ) ነው። በሜታኖል ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ ሶዳው ግን ለመሟሟት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የፖታሽ ግሊሰሪን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። የሶዳው ከ38 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋና ቧንቧውን ይደፍናል፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ይህ የማይቀር ነው። ፖታሽ በክብደት 1.4 እጥፍ ይፈልጋል። ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ መነሻው በሊትር 5.4 ግራም ነው። ልኬቱን በዚያው ፖታሽ ሠርተው 2 ካገኙ፣ ለ10 ሊትር ዘይት 74 ግራም ፖታሽና 2 ሊትር ሜታኖል ይሆናል። የወርቅ ሠሪ ዓይነት ሚዛን ያስፈልግዎታል፤ የሱቅ ሚዛን ይህን አይለይም። ፖታሹን ወደ ሜታኖሉ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ይሞቃል። የአሉሚኒየም ዕቃ አይንካው፤ ይበላዋል፣ የሚወጣውም ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ያገኘሁት መመሪያ ዘይቱን 60 ዲግሪ አድርግ ይላል። ሜታኖሉን ስጨምር ይንተከተካል፣ ሽታውም አያስቆምም። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ሜታኖል በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ ነው። 2,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ደሴ ወደ 57 ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 59። እርስዎ እያፈሉት ነው፣ የሸተተዎትም መርዙ ነው። ዘይቱን 110 ዲግሪ አድርሰው መንጫጫቱ እስኪቆም ያድርቁት፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍተው 50 ሲደርስ ብቻ የሜታኖሉንና የፖታሹን ቅልቅል ይጨምሩ። ሙቀቱን በሙቅ ውሃ ባኞ ይጠብቁ። በ1 ሰዓት ፋንታ 2 ሰዓት ያማስሉ፤ ዝግታውን ጊዜ ይክሰዋል።

አድሮ ግሊሰሪኑን ከሥር ካወጡ በኋላ፣ መብሰሉን ለመፈተሽ 3 ሚሊ ሊትር ነዳጅ በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይበጥብጡ፤ ሁለቱም 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁኑ፣ የፓልም ዘይት ነዳጅ በብርድ ስለሚደፈርስ ያሳስታል። ከሥር የዘይት ጠብታ ከተቀመጠ አልበሰለም፤ ከመጀመሪያው ሜታኖል ሩብ ያህልና በሊትር 1.4 ግራም ፖታሽ ይዘው እንደገና ይሥሩት።