ከኮምቦልቻ የፒላቴስ አሠልጣኝ ስለመሆን
ውድ እኅታችን፣ ኮምቦልቻ ሆነው የፒላቴስ (አተነፋፈስን ከተቆጣጠረ የሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚያጣምር ስፖርት) አሠልጣኝነት የምስክር ወረቀት ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ምክሬ በምንጣፍ ላይ ከሚሠራው እንዲጀምሩ ነው፤ መሣሪያዎቹን ሁሉ የሚያካትተው ሥልጠና፣ በአሜሪካ ለብሔራዊው የፒላቴስ ፈተና ለመቀመጥ እንደሚጠየቀው፣ ቢያንስ 450 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን የምንጣፉ ግን በእጅጉ ያጥራል። አናቶሚውን፣ ማለትም የሰውነትን አወቃቀር፣ በኢንተርኔት መማር ይቻላል። የሠልጣኝን እንቅስቃሴ ማረም ግን ከሰው ፊት ቆሞ የሚለመድ ነው፦ «መቶው» በሚባለው እንቅስቃሴ ሠልጣኟ በጀርባዋ ተኝታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ 5 እየቆጠረች አየር ስታስገባና 5 እየቆጠረች ስታስወጣ፣ ክንዶቿንም 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ስታደርግ፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም አንገቷ ከተወጠረ ወዲያው ሊታይዎት ይገባል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ኮርሱ በአካል የሚታረሙበት የልምምድ ሰዓት እንዳለው በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ይህ የሌለውን፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ አልመክርዎትም። እስከዚያው ደሴ ወይም እዚያው ኮምቦልቻ ባለ ጂም ውስጥ በረዳትነት ቢሠሩ ዓይንዎ ይሠለጥናል።