መልስ፦ ለሲዲቲ (የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን የብቃት ማረጋገጫ) የተግባር ፈተና በ6 ሳምንት ዝግጅት ይደረሳል?

እህቴ፣ በ6 ሳምንት እደርሳለሁ ወይ ብለሻል፤ እዚህ አሜሪካ የጥርስ ላብ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እየሠራሽ ስለምትውዪም ለክራውንና ብሪጅ (የጎደለ ጥርስ የሚተካ ድልድይ) ፈተናው ሥራው ይበቃኛል ወይ ብለሻል። አይበቃም። ሥራ ቦታ ስትስቺ ሌላ ሰው ያይልሻል። ፈተና ላይ ማንም የለም።

እኔ መጀመሪያ የወደቅኩት በሰዓት ነው። አንዷን መንጋጋ ጥርስ በሰም ሳሳምር፣ ሳሳምር ቀና ስል ጊዜው አልቋል! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽ ላይ ሰዓት እየሞላሽ ሥሪ፤ የጨረስሽውንም አትጣይው፣ በማግስቱ በማጉያ እዪው።

ዋናው ጣጣ ማርጂን ነው፣ ክራውኑ ጥርሱ ላይ የሚያርፍበት ጠርዝ። ሰም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ከዳዩ (ሰሙ ከሚሠራበት የጥርስ ሞዴል) ሸሽቶ የሚከፈተውም በዚህ ነው፤ ስለዚህ ቅርጹን ከጨረስሽ በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን መልሰሽ አቅልጪ፣ ሰም ጨምሪበት፣ ሲቀዘቅዝ ቅረጪው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ዳዩን ማለስለሻ መቀባት እንዳትረሺ፣ አለዚያ ሰሙ ሲነሳ እጅሽ ላይ ይሰበራል። ንክሻውን ለማየት ዚንክ ስቴሬት ዱቄት ስስ አድርገሽ ነስንሺና አርቲኩሌተሩን (የላይና የታች ጥርስ ሞዴሎችን የሚያጋጥመውን መሣሪያ) ዝጊ፤ ዱቄቱ የተነሳበት ቦታ ነው የሚነካው።

ይዘሽ የምትሄጂውን ዕቃ ፈተናውን የሚሰጠው ቦርድ ካወጣው የተፈታኞች መመሪያ ላይ እያየሽ አዘጋጂ። አዲስ መሣሪያ ለዚያ ቀን ብለሽ አትግዢ፣ እጅሽ የለመደው ይሻላል። ደግሞ ሁለቱን የጽሑፍና አንዱን የተግባር ፈተና ለመጨረስ 4 ዓመት አለሽ፣ ብትወድቂም ሰማይ አይደፋም።

እጄ ይንቀጠቀጣል ላልሽው፣ ጠዋት ቡናውን ቀነስ አድርጊው። እኔ ሦስት ስኒ ጠጥቼ ነበር የሄድኩት።