ሕመሙ ሲጠፋ ነው የምፈራው

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ሦስት ወር ሞላኝ። አሁን ምንም አያመኝም። ስናች መቼ ልጀምር?» ትላለች። ክብደት አንሺ ናት፤ ስናች የምትለው ብረቱን ከመሬት አንስቶ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስን ነው። ከትከሻዋ ጅማቶች አንዱ ተበጥሶ ከአጥንቱ ጋር ተሰፍቶላታል።

«ገና ነሽ» ብዬ መመለስ እችል ነበር። ግን ስልኩን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። «ምንም አያመኝም» ሲባል ሌላ ሰው ነው ትዝ የሚለኝ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ፊዚዮቴራፒስት እሆናለሁ ብዬም አላሰብኩም። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምልክ፣ እንደ እሷ ለሆናችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወዳጄ መካኒክ ነበር። ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ከሥራ በኋላ ጓሮው ውስጥ ተሰብስበን ብረት እንገፋለን። ብረት ስላችሁ ዛሬ ጂም ውስጥ የምታዩት ባለቀለም ዲስክ አይምሰላችሁ። የፍሬን ታምቡር ነው፤ ቸርኬ ነው፤ ጣሳ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን የምናውቀው በግምት ነበር። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ይከብዳል። የቱ እንደሆነ ሳንስማማ ይመሻል።

በዕድሜ የሚበልጡን ሰዎች ፕሬስ የሚባለውን ነገር ይወዱ ነበር። ብረቱን ደረት ላይ አድርጎ፣ ጉልበት ሳያጥፉ፣ በክንድ ብቻ ወደ ላይ መግፋት ነው። ኦሎምፒክ ላይም ነበር። ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ካመጣበት ከሙኒክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 በኋላ ነው የቀረው። አንሺዎቹ ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለመጡ ስለሚገፉ ዳኞቹ ትክክሉን ከስህተቱ መለየት አቃታቸው። እኛ ጋ ግን ማን ይህን ሰምቶ! ፕሬስ ጓሯችን ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሯል። ከነገሬ ወጣሁ መሰለኝ።

የወዳጄ ትከሻ መጀመሪያ የወለቀው ስናች ሲያነሳ ነው። ብረቱ ከራሱ በላይ ደርሶ ወደ ኋላ አመለጠው፤ ክንዱም አብሮ ሄደ። ወጌሻ ጋ ወሰድነው። ወጌሻው ሳብ፣ ጠምዘዝ አድርጎ መለሰለት። በሻሽ አሰረለት፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ትከሻው መውለቅ ለመደ። ጃኬት ሲለብስ ይወልቃል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዞ ቆሞ ሳለ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ እዚያው ወለቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ።

ለምን እንደሚለምድ የገባኝ ከተማርኩ በኋላ ነው። የጭን አጥንት ጫፍ ስኒ ውስጥ እንደገባ ነው። የክንድ አጥንት ግን ስኒው ውስጥ ሳይሆን ማስቀመጫው ላይ ነው የተቀመጠው። ክንዳችን እንደ ልብ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ቦታው ላይ የሚያቆዩት በዙሪያው ያለው ለስላሳ ጠርዝ፣ ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ናቸው። የወጣት ትከሻ በኃይል ሲወልቅ ብዙ ጊዜ ያ ጠርዝ ከፊት በኩል ይቀደዳል። አጥንቱ ቦታው ተመለሰ ማለት የተቀደደው ተጠገነ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቶ ተሠራለት። እንደ ዛሬው በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ አልነበረም። ከፊት ለፊት ተከፍቶ ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ነበር፤ የእሱን ድርሻ በደንብ ሠርቷል። ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት ላይ ግን ያለው አንድ መስመር ነው። «ከባድ ነገር እንዳያነሳ» ይላል። እስከ መቼ? አይልም። ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው? አይልም። ተመልሶ ማን ጋ ይሂድ? እሱም የለም። ወዳጄ ወረቀቱን አነበበልንና ሳቀ። 100 ኪሎ ከራሱ በላይ ለሚያነሳ ሰው 50 ኪሎ ከባድ ነገር አይደለም። ሲቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ እንደዚያ ነው የተረዳው። እኛም እንደዚያው።

ክንዱን አንጠልጥሎ ታገሠ። ማንጠልጠያው ሲወልቅ ትከሻው ደርቆ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተላቀቀ። ሦስተኛው ወር ላይ «ምንም አያመኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ አያመውም ነበር።

የሜይ ዴይ ሰሞን ጓሮው ውስጥ ትንሽ ውድድር አደረግን። ማንም «አንሳ» አላለውም። ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና ጃኬቱን አወለቀ። 70 ኪሎ በስናች አነሳ። ቀጥ አድርጎ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

አሁን «ወዲያው ወለቀ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ምንም አልሆነም። በማግስቱም ምንም አልሆነም። ከዚያ 80 አነሳ፤ እየጨመረም ሄደ። ጉዱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ ብረት ሳይነካ፣ መኪና ሥር ተኝቶ ቡሎን ሲያጠብቅ ነው። ያ ሁሉ የተሰፋ ነገር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየላላ ቆይቶ ኖሯል። ሁለተኛ ልሠራ ብሎ አልሄደም። ጋራዡን ትቶ መለዋወጫ መሸጥ ጀመረ። ኑሮው አልከፋም፤ እንዲያውም ከሁላችን እሱ ነው ያለፈለት። «ትከሻዬ ነው ያበለጸገኝ» ይላል። ሱቁ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድለት ግን ልጅ ነው። እኔ ስገባ ልጁን ያስቆመውና ራሱ ሊያወርድ ይሞክራል።

በዚያች ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ኖሮ እላለሁ። ብዙ በሽተኛ አይቻለሁ፤ የሚቆጨኝ ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ክሩ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። የሚያድነው ሰውነትሽ ነው። ጅማት ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ደም አይደርሰውም፤ ስለዚህ አይቸኩልም። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጅማቱ ኋላ ይደርሳል። በመሃል ያለው ጊዜ ነው ሰውን የሚበላው። እንደ አንቺ ዓይነት ኦፕራሲዮን ላይ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማንጠልጠያ ነው። በዚያ ጊዜ ክንዱን ሌላኛው እጅ ወይም ባለሙያው ያንቀሳቅሰዋል እንጂ በራሱ ጉልበት አይነሳም። ከዚያ በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ማጠንከር የሚባለው፣ ያውም በላስቲክ፣ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። አየሽ? አንቺ «አለቀ» ያልሽው ቦታ ላይ ሥራው ገና እየጀመረ ነው። ከራስ በላይ ከባድ ክብደት ከ6 ወር በፊት አይታሰብም። የተበጠሰው ሰፊ ከነበረ 9 ወርም ዓመትም ይወስዳል። የአንቺን በትክክል የሚያውቀው ውስጡን ያየው ሐኪም ነው፤ የሱ ቃል ከኔ ይበልጣል።

ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃ አልጽፍም። እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ስለ ሲጋራና ሺሻ ግን አንድ ነገር ልበል፤ የተሰፋን ጅማት በደንብ እንዳይድን ያደርጋል። እንቅልፍ ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠፍጣፋ አትተኙ። በትራስ ደገፍ ብላችሁ፣ ከክርናችሁ ሥር ሌላ ትራስ አድርጋችሁ ተኙ። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ሌሊቱ ነው ደግሞ ሰውን የሚያማርረው።

ትከሻው ሲደርቅ ቤተሰብ ይጨነቃል። አክስት ትመጣለች፣ ቅቤ ይመጣል፣ ቀጥሎ ወጌሻ ይጠራል። በፍጹም! የተሰፋ ትከሻ አይጎተትም፣ አይታሽም። ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር። በሕይወቴ ካየኋቸው እጆች ሁሉ የሚያስቀናኝ የአንድ ሽማግሌ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ እጅ ነው። የተጫዋቹን ቁርጭምጭሚት በጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይል ነበር። ዲፕሎማ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው እንደዚያ የሚሉት?

የዛሬ ልጆች አንድ የማይገባኝ ነገር አላችሁ። ያልተቀረጸ ብረት እንዳልተነሳ ትቆጥሩታላችሁ። የቲክቶክ ተመልካች ደግሞ ዲስክ የሌለበት ባዶ ብረት ማየት አይፈልግም። ጂም ውስጥ አንዱ «ምነው፣ ደከምሽ እንዴ?» ሲልሽ ሁለት ዲስክ ትጨምሪያለሽ። አንዳንዱ ደግሞ ጡንቻ የሚያሳድግ መርፌ እየተወጋ በወራት ውስጥ ያብጣል። ጡንቻው ቀድሞ ይሮጣል፤ ጅማቱ የት ይድረስበት? የሚፈነዳው እሱ ነው። ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ሃንጋሪያዊው ያኖሽ ባራንያይ 148 ኪሎ ሲያነሳ ክርኑ የወለቀበትን ቪዲዮ ስንቴ ነው የላካችሁልኝ! እንደዚያ ያለውን ትፈራላችሁ። በየጂሙ ያለው ጉዳት ግን ድምፅም የለው፣ ካሜራም አይዘው።

ይህን ስል ደግሞ እኛ እንሻላለን ማለቴ አይደለም። እናንተ ትጠይቃላችሁ። የኤምአርአይ ውጤታችሁን አንብባችሁ ነው የምትመጡት። ሴት ልጅ ብረት ታነሳለች ቢባል የኛ ጓሮ በሳቅ ይሞት ነበር። የሴቶች ክብደት ማንሳት ኦሎምፒክ የገባው እነ ደራርቱ ባሸነፉበት ሲድኒ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ ይህች ልጅ ስለ ስናች ትጠይቀኛለች። ደስ ይለኛል።

እስከዚያ እግርሽን አሠሪ። ብስክሌት፣ የእግር ማሽን፣ ሆድና ወገብ፤ ሥራ ሞልቷል። ብረት ጀርባ ላይ አድርጎ ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ ግን ይቆይ። እግር ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ብረቱን ለመያዝ ትከሻው ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ስትመለሺ መጀመሪያ ከመሬት መሳብ፣ ከዚያ ክሊን (ከመሬት እስከ ትከሻ ማንሳት)፣ ከዚያ ቀላል ፕሬስ፣ ከዚያ ጀርክ (ከትከሻ በእግር ጉልበት ታግዞ ወደ ላይ መግፋት)። ስናች የመጨረሻው ነው። እጅ ሰፍቶ፣ ክንዱ ከራስ ጀርባ ሆኖ ብረቱን የሚሸከምበት ቦታ ለተሰፋ ትከሻ ከሁሉ የከፋው ነው። ባዶ ብረት ይዘሽ ብዙ ሳምንት ትቆያለሽ። አሰልጣኝሽ ከሰለቸው ይሰልቸው።

በቀጠሮሽ ቀን ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቂው፤ የተበጠሰው ምን ያህል ነበር፣ ጅማቱ ሲሰፋ ጥራቱ እንዴት ነበር፣ ክንዴን ከራሴ በላይ ጭኜ የማነሳው በስንተኛው ወር ነው። በወረቀት ያስፍርልሽ፤ በኪሎ ይጻፈው። ከዚያ ፕሮግራምሽን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ቪዲዮ አትላኪ። የባዶ ብረት ከሆነ ግን ላኪ።